ሩቅና ቅርብ በምን ይለካል?

አንድ መንገደኛ «አዲስ አበባና ድሬዳዋ ምን ያህል ይራራቃሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ከሦስት ሰዎች ሦስት ዐይነት መልስ ያገኛል። ካርታ የሚመለከተው ሰው በአየር ላይ በቀጥታ ሲለካ 340 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ይለዋል። ሾፌሩ እንደሚመርጠው መንገድ ከ450 እስከ 500 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ያደርስለታል። የአይሮፕላን ቲኬት የሚቆርጠው ሰው ደግሞ ኪሎ ሜትሩን ከነጭራሹ ትቶ «አንድ ሰዓት ነው» ሲል ይገላግለዋል። ሦስቱም አልዋሹም። ነገር ግን ጠያቂው ለማወቅ የፈለገው ዛሬ ጠዋት ከቤቱ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከሚጠብቀው ጉዳይ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ እንደ ሆነ፣ ከሦስቱ አንዱም አልመለሰለትም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ለመከራከር የተነሣነው በተለይ ከሦስተኛው መልስ ጋር ነው። «አንድ ሰዓት ነው» የሚለው አነጋገር በየጽሕፈት ቤቱና በየስብሰባው አዳራሽ ከሚገባው በላይ እየታመነ ሄዷል። ሰዓቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መነሻው ነው። አይሮፕላኑ ከቦሌ ይነሣል፤ ሰው ግን የሚነሣው ከቤቱ ነው። ቤቱ ቦሌ ያልሆነ ሰው ደግሞ በዚህች ከተማ ውስጥ እጅግ ብዙ ነው።

ለምሳሌ ያህል ቱሉ ዲምቱን እንውሰድ። ቱሉ ዲምቱ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ ኦሮምኛ ሲሆን ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። (በባሌ ያለው 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ስመ ጥር ተራራም በዚሁ ስም ስለሚጠራ አንባቢን እንዳያደናግረው። የኛው ቱሉ ዲምቱ የሚፈትነው ትዕግሥትን እንጂ ሳንባን አይደለም።) ቀድሞ ይታረስ በነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተሰልፈውበታል፤ በውስጣቸውም ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መምህር፣ ነጋዴ፣ እንዲሁም አንዱን ክፍል ለሦስት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ይገኛል። ከዚያው አካባቢ፣ በቂሊንጦ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለና ተማሪውም ብዙ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ይህን ሰፈር በአገሩ ሁሉ ያሳወቀው ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በር እዚያ መሆኑ ነው።

ቦሌ ከቱሉ ዲምቱ በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ10 ወይም ከ11 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ሰማዩ በጠራ ማታ ከሕንፃ ሰገነት ላይ ሆኖ የሚነሡትንና የሚያርፉትን አይሮፕላኖች መብራት መቁጠር ይቻላል። ታዲያ ይህን መብራት የሚቆጥረው ሰው ነገ ወደ ድሬዳዋ የሚበር ቢሆን መንገዱ ምን ያህል ይወስድበታል? እስቲ አብረን እንቁጠርለት።

አይሮፕላኑ የሚነሣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው እንበል። መንገደኛው ለፍተሻና ለምዝገባ 2 ሰዓት ላይ ቦሌ መገኘት አለበት። ይህ ሰዓት ከተማው ሁሉ ወደ ሥራ የሚፈስበት ሰዓት ስለሆነ፣ ብልህ መንገደኛ ከቤቱ የሚወጣው 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። የታክሲውን ሰልፍ ይዞ፣ በቃሊቲ በኩል ቢሄድም በጎሮ በኩል ቢዞርም አንዱን ታክሲ ወርዶ ሌላውን ተሳፍሮ፣ ሻንጣውን በጭኑ ላይ አስቀምጦ ይደርሳል። ከዚያም ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይጠብቃል። በመጨረሻ አንድ ሰዓት ይበራል። ወርዶ፣ ዕቃውን ተቀብሎ፣ ባጃጅ ይዞ ከተማ ሲገባ 5 ሰዓት ከሦስት ሩብ ይሆናል። ይህም ሁሉ ነገር የተቃና ሲሆን ነው፤ ጉም የለም፣ መዘግየት የለም፣ ቀለበት መንገዱ ላይ የተገለበጠ የጭነት መኪና የለም። ስለዚህ «አንድ ሰዓት ነው» የተባለው መንገድ አምስት ሰዓት ከሩብ ወሰደ ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ አይሮፕላኑ የተቀበለው ድርሻ አምስተኛው እጅ እንኳ አይሞላም።

አሁን ደግሞ አውቶቡሱን እንይ። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ከመሀል ከተማ ይነሣል። ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ የት ያልፋል ቢሉ በቱሉ ዲምቱ በር ነው። የቱሉ ዲምቱ ሰው ግን ከደጁ ላይ አይሳፈርም። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ፣ መኪና ተከራይቶ፣ በጨለማ ወደ መሀል ከተማ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላም ሳይሆን በዚያው ንጋት በራሱ ቤት ፊት ለፊት ተመልሶ ያልፋል። አንዲት አሮጊት ይህን ነገር ለአንድ የአውቶቡስ ረዳት ሲያስረዱ ሰምተናል። «ልጄ፣ ቤቴ ይኸውልህ፣ ያ ቀይ ጣሪያ ያለው ነው፤ ስለ ምን ወደዚያ ወስዳችሁ ወደዚህ ትመልሱኛላችሁ?» አሉት። እሱም፣ «እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሕጉ ነው» ሲል መለሰላቸው። ሕጉ የት እንደ ተጻፈ ግን ሊነግራቸው አልቻለም።

አውቶቡሱ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ድሬዳዋ እስኪገባ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ይሄዳል ብንል፣ በአይሮፕላንና በአውቶቡስ መካከል ያለው ልዩነት በወሬ እንደሚባለው ዘጠኝ ለአንድ ሳይሆን ዘጠኝ ለአምስት ነው። የገንዘቡ ልዩነት ግን በወሬ ከሚባለው አይቀንስም። ይህን የምንለው ሰው አይብረር ለማለት አይደለም። ለመብረር የሚከፍል ሰው የሚገዛውን ሰዓት ቁጥር በትክክል ይወቅ ነው የምንለው።

አይሮፕላን በእውነት ወደር የሌለው ጥቅም የሚሰጥበት መንገድ መኖሩን አንክድም። ወደ ባሕር ዳር በምድር የሚሄድ ሰው በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ግን ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው መንገድ ቀያሹ ስንፍና ይዞት አይደለም፤ ዓባይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል፤ የተጫኑ ከባድ መኪኖች በየመታጠፊያው ያቃስታሉ። አይሮፕላኑ ግን ያንን ሸለቆ በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል፤ በመስኮት በኩል ያልተቀመጠ መንገደኛ ዓባይን መሻገሩንም አያውቅ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚጠይቁትን አንድ ነገር ማስረዳት ይጠቅማል። አይሮፕላን በሰዓት ስድስትና ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ 320 ኪሎ ሜትር ለምን በግማሽ ሰዓት አያልቅም? ምክንያቱም በሰዓት ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ጊዜ በአየር ላይ የሚቆይበት ብቻ አይደለም። አይሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ማኮብኮቢያው የሚንፏቀቅበት፣ ተራውን የሚጠብቅበት፣ ከፍታውን ለመያዝ የሚወጣበትና ለማረፍ የሚወርድበት ጊዜ ሁሉ አብሮ ይቆጠራል። በአጭር መንገድ ላይ እነዚህ ነገሮች የጊዜውን ግማሽ ይበሉታል። ስለዚህም ነው ርቀቱ በጥቂቱ ቢለያይም ወደ ድሬዳዋም ወደ ባሕር ዳርም ሲኬድ መልሱ ያው «አንድ ሰዓት» የሚሆነው። ልብ ብሎ ላየው ሰው አየር መንገዱ ራሱ ትክክለኛውን ሒሳብ ጀምሮታል ለማለት ይቻላል፤ መንፏቀቁን ቆጥሯልና። እኛ የምንጠይቀው ይኸው ሒሳብ ከአይሮፕላኑ በር ወደ ሰውዬው በር እንዲራዘም ብቻ ነው።

አባቶቻችን ኪሎ ሜትር አያውቁም ነበር። መንገድን በቀንና በአዳር ይለኩ ነበር። «ከዚህ እስከዚያ የሦስት ቀን መንገድ ነው» ሲሉ በውስጡ ሁሉ ነገር ነበረበት፤ በቅሎዋ ደክማ የምታርፍበት፣ ወንዝ ሞልቶ የሚያስቆምበት፣ እንግዳ ተቀባይ ቤት ተለምኖ የሚታደርበት ሁሉ። ያው መንገድ በክረምት የአምስት ቀን ይሆናል። ዛሬ ትምህርት ቤት የገባን ወጣቶች ይህን ስንሰማ «መለኪያ የሌላቸው ሰዎች» እያልን ፈገግ እንላለን። በኛ አስተያየት ግን መለኪያቸው ከኛው ይልቅ ሐቀኛ ነበር። ከሰው ቤት ተነሥቶ ሰው ቤት እስኪደርስ ድረስ ያለውን ቆጥሯልና።

ባቡሩም በመጣ ጊዜ ይህ ልማድ አልጠፋም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያን ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም፤ ድሬዳዋ ላይ ያድር ነበር፣ አዋሽም ላይ ያድር ነበር። ስለዚህ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሦስት ቀን መንገድ ነው ይባል ነበር። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ሲፈጅ ለነበረው መንገድ ይህ ታላቅ መሻሻል ነው። የባቡሩ ሹሞች እንደ ዛሬዎቹ ሒሳበኞች ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱን ሌሊት ቀንሰው፣ ባቡሩ ውሃ የሚቀዳበትንም ሰዓት ቀንሰው «ከአንድ ቀን ብዙ አይበልጥም» ብለው ባወጁ ነበር። አላወጁም። መንገደኛውም ሁለት ሌሊት እንደሚያድር ዐውቆ፣ ስንቁንና ገንዘቡን አሰናድቶ ይሳፈር ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አዳሩ ቀርቷል፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሆኗል። ይሁንና መንገደኛ የሚሳፈርበት ጣቢያ ለቡ ነው። ለቱሉ ዲምቱ ሰው የሚቀርበው የእንዶዴ ጣቢያ የጭነት ነው። እንግዲህ ሰውዬው ራሱን ኮንቴይነር ካላደረገ በቀር ቅርብነቱ አይጠቅመውም።

የአየር መንገዳችን ታሪክም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ትምህርት አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያውን በረራ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከአዲስ አበባ ካይሮ በቀጥታ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የዚያን ጊዜው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ስለ ነበረ፣ ማረፊያውን ሳንቆጥር በአየር ላይ ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ያስፈልገው ነበር። ዛሬ በጄት አራት ሰዓት ያህል ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ አይሮፕላን ማረፊያው ልደታ ነበር፤ ለከተማው ሰው ቅርብ ነበር። ጄት አይሮፕላን በ1955 ዓ.ም. ሲመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃውምና ቦሌ ተሠራ። ቦሌ በዚያን ጊዜ ከከተማ ውጭ ያለ ሜዳ ነበር። ከተማው ተከትሎት ሄደና ዋጠው፤ ከዚያም አልፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ወረደ። በአየር ላይ የተቆጠበው አምስት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ወደ መንገደኛው ኪስ አልገባም፤ ከፊሉ በፍተሻ ሰልፍ፣ ከፊሉ በመኪና ሰልፍ ላይ ቀርቷል።

ስለ በረራ ሰዓት ከተነሣ፣ ብዙ ሰው የሚገርመውን አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ከዋሽንግተን የሚመጣው አይሮፕላናችን ሳያርፍ በአንድ በረራ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚህ ወደዚያ የሚሄደው ግን መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ማረፉ የተለመደ ነው። ርቀቱ ያው አንድ ነው፣ አይሮፕላኑም ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መሠራቱ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ አይሮፕላኑ መንገደኛውንና ዕቃውን ጭኖ፣ ነዳጁንም እስከ አፉ ሞልቶ ለመነሣት ይቸገራል። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይመጣል። እንግዲህ በአየር ላይ እንኳ የመሄጃውና የመመለሻው ርቀት እኩል አይደለም ማለት ነው። ይህን አየር መንገዱ ያውቀዋል፤ ሰዓቱንም ለየብቻ ይጽፈዋል። የከተማው መንገድ ግን ጠዋት ወደ መሀል፣ ማታ ወደ ዳር እንደሚከብድ ማንም እያወቀው በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም።

ወደ ቱሉ ዲምቱ በር እንመለስ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለተላላፊ የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ ከመገናኛ መንገዶቹ ጋር 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በሁለቱም አቅጣጫ በጠቅላላው ስድስት መስመር ሲኖረው፣ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ያለው ሰው ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አዳማ ይገባል። ያው ሰው በዚያው ጠዋት ወደ ፒያሳ ቢነሣ በአንድ ሰዓት መድረሱን የሚዋስለት የለም። ስለዚህ ለቱሉ ዲምቱ ሰው አዳማ ከፒያሳ ይቀርባል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ቅዳሜ ቀን ዘመድ ለመጠየቅ ሲያስቡ በእውነት የሚያወጡት ሒሳብ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም ደቡባዊ መስመሩ ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ቱሉ ዲምቱ አይደርስም።

ይህ መንገድ ግን አንዱን ሲያቀርብ ሌላውን አርቋል። ዳርና ዳሩ የታጠረ ስለሆነ ሰውም ከብትም በፈለገው ቦታ አያቋርጠውም፤ የሚሻገረው በተሠራለት መሸጋገሪያ ብቻ ነው። አጥሩ ባይኖር ብዙ ሕይወት ይጠፋ ነበርና አጥሩን አንነቅፍም። ሆኖም ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ የሚኖሩ ሁለት ገበሬዎችን እናስብ። ድሮ በድምፅ ይጠራሩ ነበር። ዛሬ አንዱ የሌላውን አውድማ ለመድረስ እስከ መሸጋገሪያው ሄዶ መዞር አለበት። መኪናው ለአዳማ በቆጠበው ደቂቃ ገበሬው ለጎረቤቱ ይከፍላል። የመንገዱ ጥቅም በተጻፈበት ወረቀት ላይ የዚህ ገበሬ እርምጃ የገባ አይመስለንም።

ከርቀትና ከትራፊክ ሌላ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን የምንከፍለው አንድ ተጨማሪ ዕዳ አለ። እሱም የሰዓት አቆጣጠር ነው። የአይሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በውጭ አገር አቆጣጠር፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 እየተቆጠረ ነው። የኛ ቀን ግን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። እንግዲህ ቲኬቱ ላይ «ማክሰኞ 02፡00» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንዱ መንገደኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መስሎት ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ሌላው ከዚህ ይሻላል፤ ሌሊት 8 ሰዓት መሆኑን ይረዳል። ነገር ግን «ማክሰኞ ሌሊት» ብሎ ስለሚያስብ፣ ማክሰኞን ውሎ፣ ራቱን በልቶ፣ ተሰነባብቶ ይሄዳል። አይሮፕላኑ ግን የሄደው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ስለ ነበረ፣ ሃያ አራት ሰዓት አልፎታል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄድ፣ ከገጠር በቀጥታ የመጣች ልጅ ይህ ቢደርስባት የሚጠፋው ቲኬቱ ብቻ አይደለም። ለቲኬቱ ሲባል የተሸጠው በሬ ነው፤ የተበደሩት ብድር ነው። ይህን ለማረም ምንም ዐይነት ማኮብኮቢያ መሥራት አያስፈልግም። ቲኬት የሚቆርጥ ሁሉ በወረቀቱ ጥግ ላይ በአማርኛና መንገደኛው በሚያውቀው በሌላም ቋንቋ «ሰኞ ማታ ቦሌ ይገኙ፣ በረራው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው» ብሎ ቢጽፍ ይበቃል። ይህን በራሳቸው ፈቃድ የሚያደርጉ ቲኬት ቆራጮች አሉ፤ ደግ ሰዎች ናቸው። መንገደኛ ግን ደግ ሰው እስኪያጋጥመው መጠበቅ የለበትም።

አሁን ነገሩን ወደ ወጣት ሹማምንትና ወደ ነገዎቹ ሹማምንት፣ ወደ ተማሪዎች እናምጣው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ወደ መሥሪያ ቤት ስንገባ የመጀመሪያ ሥራችን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራም ማውጣት ነው። የስብሰባውን ሰዓት፣ የፈተናውን ቀን፣ የመስክ ጉዞውን አበል የምንጽፈው እኛው ነን። የምናውቀው አንድ ወጣት ለሥራ ፈተና ወደ አንድ የክልል ከተማ ተጠርቶ ነበር። ጥሪው የደረሰው ከፈተናው ሁለት ቀን አስቀድሞ ሲሆን ፈተናው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል። ጥሪውን የጻፈው ሰው በአይሮፕላን አንድ ሰዓት መሆኑን አስቦ ይሆናል። ወጣቱ ግን የአይሮፕላን ገንዘብ አልነበረውም። በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሄዶ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ አድሮ፣ ዐይኑ ቀልቶ ተፈተነ። አጠገቡ የተቀመጡት የዚያው ከተማ ልጆች ከቤታቸው ቁርስ በልተው በእግራቸው መጥተዋል። ማለፍ አለማለፉን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ፈተናው የሚለካው ዕውቀትን ነው ከተባለ፣ የመንገዱን ድካም አብሮ መለካት አልነበረበትም። ጥሪው በሳምንት ቀድሞ ቢላክ ወይም ፈተናው ከቀትር በኋላ ቢሆን ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ሳንቲም አያስወጣውም ነበር።

በከተማው ውስጥም ያው ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ስብሰባ የሚጠራ ሹም ቤቱ ካዛንቺስ ሆኖ፣ ጸሐፊዋ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ብትሆን፣ ሁለቱ በአንድ ከተማ ይኖራሉ ለማለት ያስቸግራል። እሷ ሌሊቱን ተነሥታ፣ ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ ወጥታ አሥር ደቂቃ ብትዘገይ «የሰዓት አክባሪነት ጉድለት» ተብሎ ይጻፍባታል። እሱ ከቤቱ በሩብ ሰዓት ደርሶ «ሁልጊዜ ሰዓቱን አክባሪ» ይባላል። እኛ ሰዓት አይከበር አንልም። ነገር ግን በቀን ሦስት ሰዓት በመንገድ ላይ የምታጠፋ ሠራተኛ በሳምንት አምስት ቀን ብትመላለስ ዐሥራ አምስት ሰዓት፣ ይኸውም ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን የሚያህል ጊዜ፣ ደመወዝ ሳይከፈላት ለከተማው እየሰጠች መሆኗን ሹሙ ይወቅላት እንላለን። ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ ስብሰባውን 4 ሰዓት ማድረግ አያቅትም።

ይህ ሁሉ ነገር ይበልጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ መጥቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ በተባለው ቦታ፣ ታላቅ የአይሮፕላን ማረፊያ ማሠራት በጥር 2018 ዓ.ም. ጀምሯል። ሥራው ሁሉ ሲጠናቀቅ አራት ማኮብኮቢያ እንደሚኖረውና በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኞች እንደሚያስተናግድ ተነግሯል። ቦታው ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀደም ሲል ያነሣነው የስስ አየር ችግር እዚያ ይቀላል፤ ይህ በእውነት ብልህ ምርጫ ነው። ከአዲስ አበባ ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለቱሉ ዲምቱ ሰው ይህ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ከተማውን ሳያቋርጥ ወደ አይሮፕላን የሚሄድበት ዘመን ይመጣለታልና። በዚያው ልክ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ያለው ሰው ይርቅበታል። ለዚህ ማረፊያ ሲባል ከእርሻቸው የተነሡ ገበሬዎችም አሉ፤ ለነሱ ርቀት ማለት ሌላ ነገር ነው። የአባታቸው መሬት በኪሎ ሜትር ሲለካ ቅርብ ነው፣ ዳግመኛ ግን አይደርሱበትም።

ፈጣን መንገድና ባቡር ከማረፊያው ጋር አብሮ እንደሚታሰብ እንሰማለን፤ ደስ ይለናል። ዳሩ ግን በእነዚህ ላይ የሚሳፈረውን ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በፍጥነት መንገዱ ለመሄድ መኪና ያስፈልጋል። ባቡሩ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ማረፊያው እስኪደርስ የትም የማይቆም ከሆነ፣ በመካከሉ ያሉት ቱሉ ዲምቱ፣ ገላንና ዱከም አውቶቡሱ በደጃቸው እንደሚያልፍባቸው አሮጊት ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ በቱሉ ዲምቱ በር አጠገብ የታወቀ መሳፈሪያ ይሠራ። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወጡ አውቶቡሶች ቆመው እንዲያሳፍሩበት ይፈቀድ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥላ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መብራትና የሰዓት ሰሌዳ ነው፤ አዲሱን ማረፊያም መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በሚመጣው ወር ሊጀመር ይችላል።

የአይሮፕላን ማረፊያ ሥራ ደግሞ ሌሊትና ቀን የለውም። ዕቃ የሚጭነው፣ ወለል የምትጠርገው፣ ለመንገደኛው ምሳና ራት የሚያዘጋጀው ሰው ቢሾፍቱ ላይ ውድ ቤት አይከራይም፤ አቅሙ ወደሚፈቅድለት ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ዱከም ይሄዳል። ይህ ሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ታክሲ የለም። እሱ የጫነው ሻንጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጆሃንስበርግ ይገባል። እሱ ራሱ 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ እስኪነጋ ድረስ በር ላይ እንዳይቀመጥ፣ የሌሊቱ አውቶቡስ የሚነሣበትና የሚቆምበት ሰዓት ከማኮብኮቢያው ንድፍ ጋር አንድ ላይ፣ ከአሁኑ ይጻፍ።